ሌንሳችሁን «አዲስ አስመስለዋለሁ» ለሚል ሰው ከመስጠታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ በተለይ ጎጃም ውስጥ ሰርግ የምትቀርጹ ልጆች፣ የእኔ ነገር እንዳይደርስባችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሦስት ሰርግ ተከታትሎ ነበረኝ። የገጠሩን መንገድ አቧራ ታውቁታላችሁ፣ የሙሽራ መኪና ተከትሎ የሚቀርጽ ሰው ወፍጮ ቤት የዋለ ነው የሚመስለው። ሌንሴ ላይ አቧራ፣ የጣት አሻራና አንዲት ቀጭን ጭረት ነበረች። ባሕር ዳር ሄጄ ካሜራ እናጸዳለን ለሚል ሱቅ 1,500 ብር ከፍዬ ሰጠሁ። በማግስቱ ሲያስረክበኝ ጭረቷም የለች፣ እንደ ውኃ ጠርቷል። አመስግኜ ወጣሁ።

ጉዱ የታየው በሚቀጥለው ሰርግ ነው። ፀሐይ ከሙሽሮቹ ጀርባ ስትሆን ፎቶው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ማታ ሌንሱን መብራት ሥር አዘንበል አድርጌ ሳየው ያ ሐምራዊና አረንጓዴ ነጸብራቁ መሃል ላይ ጠፍቷል፣ ዳር ዳሩን ብቻ ቀርቷል። ተመልሼ በምን እንዳጸዳው ስጠይቀው ነገረኝ። በጥርስ ሳሙና! ብሬን መልስ ስለው «ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር» አለ። ሳስረክበው ፎቶ ስላላነሳሁት መከራከሪያ አልነበረኝም።

ያ ቀለም ያለው ነጸብራቅ ኮቲንግ የሚባለው ሽፋን ነው፣ ከጸጉር ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ባዶ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህሉን ብርሃን ይመልሳል፣ ኮቲንግ ይህን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደግሞ የሚፍቅ ዱቄት አለ። ጭረቷን ሲፍቅ ሽፋኑንም አብሮ ፋቀው፣ አንዴ ከሄደ ሱቅ ውስጥ የሚመልሰው የለም። የሚያናድደኝ ግን ያቺ ጭረት ፎቶ ላይ ጭራሽ አትታይም ነበር።

አብዛኛውን ጽዳት እናንተው ትችሉታላችሁ። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አስወጡት፣ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። አቧራ ውስጥ ጥቃቅን አሸዋ ስላለ ሳይነፋ ከተወለወለ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሆነው። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ። የጣት ቅባት ከቀረ ብቻ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ አንድ ሁለት ጠብታ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ጣል አድርጉና ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ በቀስታ ጥረጉ። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ አታንጠባጥቡ፣ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ሶፍት፣ የነጠላ ጫፍ፣ የመስኮት ማጽጃ፣ አሴቶን፣ እነዚህን አታስጠጉ።

የግድ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ የሌንሱን ፊት መብራት ሥር በቪዲዮ ቅረጹት፣ በምን እንደሚያጸዳ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ሰውዬው የሚያጸዳበትን ካላሳያችሁ ሌንሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ደግሞ ፈንገስ አለ፣ ክረምት ላይ እርጥበቱ ሲበረታ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይበቅላል። የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ብታዩ ይታያችኋል። ይሄ ተፈቶ የሚጸዳ ነው፣ ከቆየም መስታወቱን በልቶ ምልክት ይተዋል። ከላይ ወልውዬ አጠፋዋለሁ የሚላችሁ ሰው ውሸቱን ነው።