ፊልተሩ የማይፈታ ሌንስ አትግዙ

ይህን የምጽፈው ያገለገለ ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ ላጠራቀማችሁ፣ በተለይም እንደ እኔ በሰርግ ሥራ ለምትተዳደሩ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ የጥር ሰርግ ሳይገባ ልሰናዳ ብዬ፣ አንድ ካኖን 24-70 ሚሊሜትር ባለ 2.8 ሌንስ፣ ሁለተኛውን ስሪት፣ በ95,000 ብር ገዛሁ። ሌንሱ ከዚያ በፊት ወድቆ ነበር። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም ማየት የሚገባኝን ቦታ ሳላይ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ጉዳዩ በሽምግልና ሲያልቅ ስም ላላነሳ ቃል ገብቻለሁ። ስለ ዘዴው ዝም በል ያለኝ ሽማግሌ ግን የለም።

ሻጩ ሌንሱን ያሳየኝ በእጅ ባትሪ ከኋላው እያበራ ነው። መስታወቱ ጭረት የለበትም፣ ሻጋታ የለበትም። «እንደ ጠበል የጠራ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ፊቱ ላይ አዲስ መከላከያ ፊልተር፣ ማለትም የሌንሱን ፊት ከጭረት የሚጠብቅ እየተጠመዘዘ የሚታሰር መስታወት፣ ታስሮበታል። «ይኸን ደግሞ መርቄልሃለሁ» ሲለኝ፣ ባለ 82 ሚሊሜትር ፊልተር ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከዚያ በር ላይ አውጥቶኝ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ራሱ ካሜራዬን አስተካክሎ አንድ ሁለት ፎቶ አነሳና በካሜራው ትንሽ ስክሪን አሳየኝ። ጥርት ያለ ነበር። የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ቁጥር 8 ላይ ማድረጉን አይቻለሁ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፤ የዚህ ሌንስ ሰፊው 2.8 ነው)፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ!

የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ቤተ ዘመዱ ድንኳን ውስጥ ተሰልፎ ሲነሳ ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ሌንሱን 2.8 ላይ ከፍቼ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳየው በግራና በመሀል ያሉት ሴቶች የጥበባቸው ክር ይቆጠራል። በቀኝ ጫፍ የቆሙት የሙሽራዋ አያት ግን በእንፋሎት ከተሸፈነ መስኮት ጀርባ የተቀመጡ ይመስላሉ። ተንቀሳቅሰው ይሆናል አልኩ። ቀጣዩ ፎቶ ላይ በእሳቸው ቦታ አንድ ሚዜ ቆሟል፤ እሱም ደብዝዟል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ የድንኳኑ ምሰሶ። ምሰሶ መቼም አይንቀሳቀስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሌንስ ውስጥ በ13 ክፍል የተደረደሩ 18 መስታወቶች አሉ፤ ሁሉም መሀላቸው በአንድ መስመር ላይ መዋል አለበት። ክብደቱ 805 ግራም ነውና ከጠረጴዛ ላይ በጠርዙ ሲወድቅ መስታወቱ ሳይነካ ሊተርፍ ይችላል፤ መስታወቱን አቅፈው የያዙት ቀለበቶችና ጥቃቅን ብሎኖች ግን ይላቀቃሉ፣ አንዱ ክፍል በጥቂቱ ያዘነብላል። ያን ጊዜ የፎቶው አንዱ ወገን ፎከስ ሲሆን ሌላው ይስታል። ቀዳዳውን 8 ወይም 11 ላይ አድርጋችሁ ስታጠብቡት የፎከሱ ጥልቀት፣ ማለትም ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት፣ ይሰፋና ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍነዋል። ሻጩ በቀትር በ8 ያነሳልኝ ለዚህ ኖሯል።

ሌንሱን ይዤ ወደ አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ሄድኩ። ባትሪ እንኳን አላበሩም። መጀመሪያ ፊልተሩን ለመፍታት ሞከሩ፤ አልፈታ አለ። ወፍራም ላስቲክ ጠቅልለውበት ሲያስገድዱት እየተንቋረረ ወጣ። ከሥሩ የሌንሱ ጠርዝ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ተሰርጉዷል፤ ብረቱ የተፋቀበት በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ምርቃቱ ለካ መሸፈኛ ነበር። ቀጥለው ከኋላ፣ ካሜራው ላይ የሚታሰርበትን ቀለበት አዩ። የአንዱ ብሎን ራስ በማይገጥመው ካቻቪቴ ተበልቷል፤ ሌላው ብሎን ቀለሙ ከጓደኞቹ የተለየ ነው። «ልጄ፣ ይኸ አንዴ ወድቋል፤ ከአንዴም በላይ ተከፍቷል» አሉኝ።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ፊልተሩ ይፈታ፣ ክዳኑና ኮፍያው ይውለቅ። ፊልተሩ ፈታ ብሎ ወጥቶ ፈታ ብሎ ካልገባ የጠርዙን ጤና ተጠራጠሩ። «ግድ የለም፣ ጠብቆ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የጋዜጣው ፈተና ነው፤ እኔ ዘግይቼ ቤቴ ያደረግኩት። አምስት የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አራቱን በማዕዘን፣ አንዱን በመሀል። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አቁሙት። ከግድግዳው ጋር መስተካከሉን ለማወቅ መሀል ላይ ትንሽ መስታወት በግድግዳው ልክ ለጥፉና በካሜራው ተመልከቱ፤ የራሱ የሌንሱ ምስል ልክ መሀል ላይ ከታያችሁ ተስተካክሏል። በ2.8፣ መሀሉን ፎከስ አድርጋችሁ፣ ዙሙን በ24፣ በ50 እና በ70 ሚሊሜትር እያደረጋችሁ አንሱ። ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ የአራቱን ማዕዘን ፊደላት አስተያዩ። አራቱም እኩል ትንሽ ከለሰለሱ የሌንሱ ጠባይ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ተጠራጠሩ። ያን ጊዜ ካሜራውን ዘቅዝቃችሁ ድገሙት፤ ድብዝዝታው ማዶ ወዳለው ገጽ ከዞረ ጥፋቱ ከሌንሱ ወይም ከካሜራው ነው፣ ያው ገጽ ላይ ከቀረ ግን አቋቋማችሁ ነው። ካሜራውን ከጥርጣሬ ለማውጣት በሌላ ሌንስ ሞክሩት። እኔ ላይ ዞረ፤ በሌላ ሌንስ ሳነሳ ደግሞ ድብዝዝታው ጠፋ።

ሱቅ ውስጥ ግድግዳና ጋዜጣ ላይመች ይችላል። ማዶ ያለ ታፔላ ምረጡና በ2.8 አንዴ በፎቶው ግራ ጫፍ፣ አንዴ በቀኝ ጫፍ አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፎከሱን መሀል ላይ ባለ፣ ከታፔላው እኩል በራቀ ነገር ላይ አድርጋችሁ አንሱትና የሁለቱን ጥራት አስተያዩ። ቁጥሩን ራሳችሁ አስተካክሉ።

የቀረው ቀላል ነው። የዙሙን ቀለበት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ ወይም አሸዋ ያለበት ያህል ከሻከረ አትግዙት። በ16 ደጋግማችሁ አንሱ፣ ብርሃኑ ከፎቶ ፎቶ መለዋወጥ የለበትም። ካኖን ላይ «Err 01» (ስሕተት 01) ከመጣ ካሜራና ሌንስ መነጋገር አቅቷቸዋል ማለት ነው፤ መገናኛ ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ አጽዱና እንደገና ሞክሩ፣ ከተመለሰ ግን ተዉት። ሲነቀነቅ ድምፅ መስማታችሁ ብቻ ግን ፍርድ አይሆንም፤ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ማረጋጊያ ያላቸው ብዙ ሌንሶች በጤናቸውም ኳ ኳ ይላሉ።

የራሳችሁ ሌንስ የወደቀ ዕለትም ፈተናው ያው ነው። የፊልተሩ መስታወት ከተሰበረ ግን ከማዞራችሁ በፊት ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ ስብርባሪውን አራግፉ፤ አለዚያ የተረፈውን መስታወት በእጃችሁ ትቧጥጡታላችሁ።

እኔ ወደ ሱቁ የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ያለ ደረሰኝ ነው። «ሥራ ላይ ጥለኸው ይሆናል» አለኝ፤ የምመልሰው ወረቀት አልነበረኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢው ግን ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ በሽያጩ ወረቀት ላይ «ያልወደቀ፣ ያልተከፈተ» የሚል ቃል አጽፉ፣ ጥቂት የመሞከሪያ ቀናትም ጠይቁ። እኔ በሽማግሌ 60,000 ብር አስመልሼ ሌንሱን መለስኩለት።

ባለፈው ሳምንት ለሽያጭ ቀርቦ ፎቶውን አየሁት። የዙሙ ቀለበት ላይ 35 የሚለው ቁጥር ከግማሽ በላይ ተፍቋል፤ በዚያ ነው የለየሁት። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ፊልተር አስረውበታል።