ደሴ ላይ «ከኋላ ትልቅ የፍሬን ዲስክ እንግጠምልሽ» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ

ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ቃል ከገደፍኩ እለፉኝ። 38 ሺህ ብር ከፍዬ የተቀበልኩት ከበፊቱ የባሰች መኪና ነው። ልጠይቅ ብሄድ ደግሞ «ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገራለን» ተባልኩ።

የቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰውየውን ግን ታውቁታላችሁ። መለዋወጫው ከፊት፣ ጋራዡ ከጓሮ፣ ገና ሳትቀመጡ ሻይ የሚታዘዝላችሁ። «አብሽሪ» ከአፉ አይጠፋም። አሮጌውን ዕቃ በአንድ እጅሽ፣ አዲሱን በሌላው ያስይዝሽና «ክብደቱን አየሽው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ብቻ ነው የሚወራው።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመሐል ያለውን የሀረጎን ቁልቁለት የሚመላለስበት ያውቀዋል፤ ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1,850 አካባቢ ድረስ በጠመዝማዛ መውረድ ነው። ታች ስደርስ ፔዳሉ ይሰምጥብኛል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራም ይሸታል። የነገርኩት ይህንኑ ነው። ጎማ አላወለቀም፣ የፍሬን ዘይቱን ክዳን እንኳ ከፍቶ አላየም። «የኋላው ዲስክሽ ትንሽ ነው። ትልቅ ካስገባንልሽ በግማሽ ርቀት ትቆሚያለሽ» አለ። ካሊፐሩ (ዲስኩን በሸራ ጨምቆ የሚይዘው ዕቃ) የድሮው ነው፤ ከትልቁ ዲስክ ጋር እንዲገጥም ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርገው ብረት እዚያው ብየዳ ቤት ተሠራ። በማግስቱ ከተማ ውስጥ ስነዳት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት ያዝ ታደርጋለች።

ከዚያ ካፊያ በጣለበት ጠዋት ሀረጎን ስወርድ፣ ከአንድ ኩርባ ማዶ ተሳቢ ቆሞ ጠበቀኝ። ፍሬን ያዝኩ። ፊቷ ቀጥ ብሎ ሳለ ኋላዋ ወደ ገደሉ በኩል ዞረ። ፍሬኑን ለቀቅ፣ መሪውን ወደ ዞረችበት መለስ አድርጌ ነው የተረፍኩት። ከላይ የሚመጣ ሌላ መኪና ቢኖር ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር።

ሥራውን ትቼ ተመለስኩ። «ኋላዋ ዞረብኝ» ስለው የደነገጠ መሰላችሁ? ፈገግ አለ። ወደ መካኒኩ ዞሮ «ትመጣለች አላልኩህም?» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ፣ እንደሌለሁ ቆጥሮ። ቀጥሎ ለእኔ፦

«እህቴ፣ ከኋላ ትልቅ ከገባ ከፊትም መግባት አለበት። ካልሆነ ኋላው ቀድሞ ይይዛል።»

ያውቅ ነበር! ብሩን ሲቆጥርም ያውቅ ነበር። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

የፊቱን ዋጋ ነገረኝ፤ ከኋላው ይበልጣል። «ለአንቺ ስለሆነ» ብሎም ቀነሰልኝ። «አልፈልግም፣ የድሮዎቹን መልሰህ ግጠምልኝ» ስለው መካኒኩ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ዲስኮቼ ተሸጠዋል። ሳልጠየቅ፣ ሳይነገረኝ። «አሮጌ ዕቃ ጋራዥ ይቀራል፣ የታወቀ ነው» አለኝ፤ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያችን የባለቤትሽን ነገር አመጣት። ከመኪና ሥር የተኙት ልጆች ሲስቁ ሰማሁ። ባል የለኝም። መኪናዋን የገዛሁት እኔ፣ በየዓመቱ ቦሎ የማሳድሰው እኔ፣ 38 ሺውንም ከእጄ ሲቀበል የማን ሚስት እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

ኮምቦልቻ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌሮች የሚያሠሩበት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ከሥር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶ የሚጠጋውን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው፣ ኋላው ይቀላል። ፋብሪካው የኋላውን ፍሬን ደከም አድርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው እንጂ ብረት ቆጥቦ አይደለም። ትልቅ ዲስክ ሲገባ ሸራው ከጎማው መሐል ራቅ ብሎ ስለሚይዝ ያው የዘይት ግፊት የበለጠ ጉልበት ያገኛል። የቀለለው ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፤ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መንሸራተትን አይከለክልም። የኔዋ አቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የላትም፣ ስለዚህ ዞረች። «በግማሽ ርቀት» የሚባለውም ውሸት ነው፤ የድሮው ፍሬን ጎማውን መቆለፍ ከቻለ፣ ከዚያ በላይ የሚወስነው ጎማውና አስፋልቱ ነው። ትልቅ ዲስክ ጥቅም የለውም አላለኝም፤ ሙቀት ይችላል። ግን በቁልቁለት ይበልጥ የሚግለው የፊቱ ነው፣ እኔ የከፈልኩት ለኋላው!

የመጀመሪያ ችግሬስ ምን ነበር? ያረጀ የፍሬን ዘይት። ውሃ ከአየር ይስባል፣ ውሃ የገባበት ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ይሰምጣል። ከዘይቱ ሌላ የፊት ሸራው አልቆ ነበር። ሁለቱ ተደምረው ለዚያኛው ከከፈልኩት ሩቡን አይሞሉም። «ሀረጎን በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ» ብሎም መከረኝ፤ ይህኛው ምክር በነፃ ነው።

እናንተም የወለቀውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደረሰኝ ላይ የዕቃው ስም ይጻፍ። የኔ «የፍሬን ሥራ» ብቻ ነው የሚለው።

አሁን መኪናዋ ቆማለች፤ ለኋላው በልኳ ዲስክ እየፈለግኩ ነው። ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ያገለገለ የኮሮላ የኋላ ዲስክ ጥንድ የገዛ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የኔ ከሆኑ በገዛችሁበት ዋጋ እወስዳለሁ።