ኤኤንኤል ወይስ ክላስ ቲ? የሊትየም ባትሪ ፊውዝ ስንመርጥ

ኮምቦልቻ ለወንድሜ ሱቅ ባለ 51.2 ቮልት ሊትየም ባትሪ ስንገጥም ያጨቃጨቀን ባትሪው ሳይሆን መዳፍ የማትሞላው ፊውዝ ናት። ደሴ ፒያሳ አንዱ ባለሱቅ «ፊውዝ ያው ፊውዝ ነው» ብሎ ኤኤንኤል የምትባለውን ዓይነት አወጣልን። ርካሽ ናት፣ መስኮት ስላላትም መቃጠሏ በዓይን ይታያል። ገልበጥ አድርጌ ሳያት ግን 32 ቮልት ይላል። ሲሞላ 58 ለሚደርስ ባትሪ!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሾርት ሲፈጠር ሊትየም ባትሪ በአንዴ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ ብልጭታው ለመጥፋት ዕድል ያገኛል፤ የባትሪ ኮረንቲ (ዲሲ) ግን ዜሮ የሚባል ነገር ስለማያውቅ የፊውዟ ሽቦ ቀልጣም እሳቱ በክፍተቱ ሊቀጥል ይችላል። ክላስ ቲ በሚባለው ሌላ የፊውዝ ዓይነት ውስጥ ይህን የሚያፍን አሸዋ አለ። ብዙዎቹ 125 ቮልት ዲሲና ከዚያ በላይ ይችላሉ፣ እስከ 20,000 አምፔር የሚደርስ ሾርትም ይበጥሳሉ። ኤኤንኤል በ32 ቮልት 6,000 ገደማ ናት።

የክላስ ቲ ዋጋ ያስጮኻል፣ አልዋሽም። ለ12 ቮልት የመኪና ቴፕ ቢሆን ኤኤንኤል ትበቃኝ ነበር። እዚህ ግን ክላስ ቲ ገዛን። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተሩ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ ባለ 150 አምፔሯን መረጥን፣ ገመዱም ከዚያ በላይ የሚችል ነው። ፊውዟ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ርቃ ተቀምጣለች።