የጀርመን አርማ፣ የቻይና ሻንሲ፦ ከአይዲ.4 ክሮዝ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ

መኪናዬ ቮልስዋገን አይዲ.4 ክሮዝ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የተገጣጠመው ደቡብ ቻይና፣ ፎሻን ከተማ ነው። ገጣጣሚው ቮልስዋገን ከቻይናው ኤፍ.ኤ.ደብሊው ጋር ያቋቋመው የጋራ ኩባንያ ነው። እኔ አዲሱን ገዛሁት፣ በጅቡቲ በኩል ካስገባ ነጋዴ። ከአንድ ዓመት በላይ ነድቼዋለሁ፤ በአዘቦት ቀን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱና አዳማ። ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ባትሪው አይደለም። «ይሄ የጀርመን ነው የቻይና?» ነው የሚለኝ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ዋጋውም፣ ጥገናውም፣ ነገ ስትሸጡት የምታገኙት ብርም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ ስለ አነዳዱ። እዚህ ላይ ጀርመንነቱ በደንብ ይታወቃል። የታች አካሉ ቮልስዋገን ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ የነደፈው ነው። ጀርመን ውስጥ ዝዊካው ፋብሪካ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጣው አይዲ.4 የቆመውም በዚሁ ላይ ነው። መሪው ልክ ነው፣ አይቀልም አይከብድም። ኮብልስቶን ላይ ጎማው ሲመታ ድምፁ ይሰማል እንጂ ሰውነት አይንጥም። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ጉልበቱ 150 ኪሎዋት። ለከተማ ከበቂ በላይ ነው። የቤንዚን መኪና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። ይሄኛው ግን አየር ስለማያቃጥል እንጦጦን ሲወጣ እንደ ሜዳ ነው። ሲወርድ ማርሹን «ቢ» ላይ አደርገዋለሁ። ፍሬን ሳልነካ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ባትሪውም ትንሽ ይመለስለታል።

የአዳማ መንገድ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። አዳማ በ1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ስትሄዱ የሚጠፋው ባትሪ በጣም ትንሽ ነው። ስትመለሱ ግን ዳገቱም ፍጥነቱም ተደምሮ መቶኛው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። የመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በሄደበት ሒሳብ መመለሻውን እንዳያሰላ።

አሁን ወደ ዜግነቱ። ከኋላ በግራ በኩል በቻይንኛ ፊደል የፋብሪካው ስም ተለጥፏል። ቻይና ውስጥ ይሄ ግዴታ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ያስነቅለዋል፣ ሻጮችም ነቅለው ያቀርቡታል። እኔ አልነቀልኩትም። ቢነቀልስ ሻንሲው (የመኪናው መለያ ቁጥር) የት ይሄዳል? ሊብሬው ላይም፣ የፊት መስታወቱ ሥርም የተጻፈው ቁጥር ኤል-ኤፍ-ቪ ብሎ ይጀምራል። ኤል ቻይና ነው። የዝዊካው አይዲ.4 በደብሊው ይጀምራል፣ አሜሪካ ቴኔሲ ውስጥ ቻታኑጋ የተሠራው ደግሞ በ1። ስሙ አንድ፣ አርማው አንድ፣ ሻንሲው ግን ሦስት አገር።

ታዲያ አገሩን የሚወስነው የተገጣጠመበት ቦታ ነው? እኔ አይመስለኝም። ሃይሉክስን ተመልከቱ። ደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተሠራ ሻንሲው በኤ ይጀምራል፣ ታይላንድ ከተሠራ በኤም። ግን «ሃይሉክስ የደቡብ አፍሪካ መኪና ነው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ቶዮታ ነው፣ የጃፓን ነው። እንዲህ እንድንል የሚያደርገን ወኪል መኖሩ፣ መለዋወጫው መገኘቱ፣ መኪናውም ሲሠራ ጀምሮ ወደ ውጭ እንዲላክ ታስቦ መሠራቱ ነው።

ሁላችንም የምናውቃት ቮልስም ታሪኳ ይሄው ነው። ጀርመን ውስጥ መሠራቷ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሲያበቃ ሜክሲኮ ፑዌብላ ቀጠለች። እስከ 1985 ድረስም ከሜክሲኮ እየተጫነች ጀርመን ውስጥ በቮልስዋገን በኩል በይፋ ትሸጥ ነበር። ጀርመኖቹ ራሳቸው የሜክሲኮ ቮልስ ገዝተው ነዱ። አምራቹ ለእነሱ ብሎ ስላመጣትና ከጀርባዋ ስለቆመ የጀርመንነቷ ነገር አላነጋገረም።

የኔ መኪና ግን ለቻይና ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ይሄ ልዩነት በየቀኑ ይሰማኛል። ስገዛው ስክሪኑ በሙሉ ቻይንኛ ነበር። ባለሙያ ከፍዬ አብዛኛውን ወደ እንግሊዝኛ አስቀየርኩ። የድምፅ ትእዛዙ ግን አሁንም ቻይንኛ ብቻ ነው የሚሰማው። ካርታው አዲስ አበባን አያውቃትም። ውስጡ ያለው ሲም ካርድ የቻይና ስለሆነ የስልክ መተግበሪያው እዚህ አይሠራም። ጀርመን ያለ ዘመዴ ተመሳሳይ መኪና አለው። የእሱ የሶፍትዌር ማሻሻያ በአየር ላይ ይመጣለታል፣ የኔ እንደወጣ ነው።

ዋስትናውም እንደዚያው። የሸጠልኝ ነጋዴ «የፋብሪካ ዋስትና አለው» ብሎኛል። በጽሑፍ ስጠይቀው ግን ቻይና ውስጥ ብቻ እንደሚሠራ አመነ። ይሄ አሳዝኖኛል፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ብር ሲያወጣ ይሄ ነገር ከክፍያ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ከዚያ አንድ ሚኒባስ የፊት ባምፐሬን ገጨው። ጀርመን ያለው ዘመዴ መለዋወጫ መደብር ሄዶ ጠየቀልኝ። ሻንሲ ቁጥሩን ሲያስገቡት አልመጣላቸውም። ክሮዝ ባምፐሩ ከሌሎቹ አይዲ.4ዎች የተለየ ስለሆነ የአውሮፓውን ልግጠም ቢሉም ልክ አይሆንም። የሚሠራልኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ጀርመን አታድክማቸው፣ ጓንግዡ ነው የሚገኘው» አለኝ። እውነቱን ነው። በነጋዴ በኩል አዘዝኩ፣ መጣ፣ ገጠመ።

ቻይናነቱ የሚጠቅምበትም አለ፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው። የመሙያ ሶኬቱ የቻይና ዓይነት ነው፤ የቀስታው ለብቻ፣ የፈጣኑ ለብቻ። እኔ የምጠቀምባቸው ጣቢያዎች አብዛኞቹ ይሄው ሶኬት አላቸው፣ ምክንያቱም ከተማውን የሞላው ከቻይና የመጣ መኪና ነው። ከአውሮፓ ያስመጣ ወዳጄ አስማሚ ይዞ ይዞራል። ሶኬት ላይ ስንደርስ የኔ መኪና የአገር ልጅ ነው፣ የእሱ እንግዳ።

መንግሥታትም ለአርማው ብዙም ግድ የላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2024 መጨረሻ በቻይና በሚሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ቢዋይዲ ላይ 17 በመቶ፣ ከሻንጋይ የሚመጣ ቴስላ ላይ 7.8 በመቶ። ኩፕራ ታቫስካን የሚባለው፣ የቮልስዋገን ቡድን የስፔን ብራንድ መኪና፣ ቻይና አንሁይ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ 20.7 በመቶ ተጣለበት። ከመደበኛው 10 በመቶ በተጨማሪ ማለት ነው። ባለቤቱ ጀርመን፣ ስሙ የስፔን፣ ጉምሩኩ ግን ቻይና አለው። አሜሪካ ደግሞ በ2023 የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ስትሰጥ አንዱ መስፈርት በሰሜን አሜሪካ መገጣጠም ነበር። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ የቻታኑጋው አይዲ.4 ቅናሹን አገኘ፣ ከጀርመን ተጭኖ የመጣ መኪና ግን ለገዢው ያንን አያስገኝም ነበር።

«በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ የመጣው ከእንግሊዝ ሕግ ነው። በ1887 እንግሊዞች ገዢያቸው የውጭውን ዕቃ ለይቶ እንዲያውቅ፣ ከአገራቸው ምርት እንዳይምታታበት ብለው አስገደዱ። ጀርመኖች ዕቃቸውን አሻሻሉና ጽሑፉ የክብር ምልክት ሆነ። ቻይኖች ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያንኑ መንገድ እየሄዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የኔ መኪና አገጣጠም ላይ የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁም። የበሮቹ ክፍተት እኩል ነው፣ ፒስታ ስነዳው ከርሜም ውስጡ አይንኳኳም።

በ2019 መጀመሪያ ቮልስዋገን እዚህ አገር መኪና ለመገጣጠም ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር። ያ ቢሳካ ኖሮ በአማርኛ የተጻፈ ዋስትና፣ ሕጋዊ ወኪል፣ ምናልባትም ካርታው ላይ ፒያሳን የሚያውቅ መኪና ይኖረን ነበር። አሁን ያለን መኪናው ብቻ ነው። መኪናው ግን ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ።

ልትገዙ ከሆነ የምላችሁ ይሄ ነው። ሻጩ ስለ ጀርመን ሲያወራ ሻንሲውን አንብቡ። ክሮዝ ይሁን ኤክስ (ሌላኛው የቻይና አይዲ.4) ጠይቁ፣ ባምፐራቸውም ፋብሪካቸውም ይለያያል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪኑን አስከፍታችሁ ቋንቋው መቀየሩን በዓይናችሁ እዩ። ጓንግዡ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ስልክ ያዙ። እኔ አሁን የኋላ መብራት በትርፍነት አዝዣለሁ፣ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ይመጣል ተብያለሁ።