የዲሴቢሊቲ ጉዳይ የሚይዝ ሰው ለምትፈልጉ

የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች፣ ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የታላቅ ወንድሜ ዲሴቢሊቲ (በሕመም መሥራት ላልቻለ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ) ተፈቀደ፣ ተመስገን! ጉዳዩን የያዘችልን ሴት ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ እህታችን እያልኩ ልቀጥል። ጠበቃ አይደለችም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ፊት ሰው ወክላ እንድትቀርብ የተፈቀደላት ባለሙያ ናት።

ወንድሜ ዕድሜውን በታክሲ ነው የጨረሰው። ወገቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ግን መቀመጥ አቃተው። አንድ "ፎርም እሞላለሁ" ባይ ጥሬ ብር ተቀብሎ ሞላለት፣ ውድቅ ተደረገ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መሥራት ትችላለህ ይላል ደብዳቤው። ታክሲ ቆሞ ነው እንዴ የሚነዳው?

እህታችን ደብዳቤውን ስትቀበል መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው። ለይግባኝ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ካለፈ ከዜሮ መጀመር ነው። ቀጥላ የታክስ ወረቀቱን ጠየቀች። የግል ሠራተኛ ክሬዲት (ሠርቶ ታክስ በመክፈል የሚጠራቀም ነጥብ) የሚቆጠርለት ባሳወቀው የተጣራ ገቢ ልክ ነው። በእሱ ዕድሜ ላለ ሰው ደግሞ መሥራት ካቆመበት ወደኋላ ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ 20 ክሬዲት መኖር አለበት፤ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም። ገቢ አሳንሳችሁ የምታሳውቁ ሾፌሮች፣ ይህቺን ነገር አስቡባት።

የገረመኝ ግን የቀን ውሎ ፎርሙን የሞላችበት መንገድ ነው። "ምግብ ያዘጋጃሉ?" ለሚለው የመጀመሪያው ሰውዬ "አዎ" ብሎ አልፎት ነበር። እሷ "እስቲ ጋሼ፣ ትናንት ምሳዎን እንዴት እንደበሉ ይንገሩኝ" አለችው። እኔ ያመጣሁለትን ወጥ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይከታል። እስኪሞቅ በሁለት ክርኑ ጠረጴዛው ላይ ይደገፋል። ከዚያ ሶፋው ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ይጎርሳል። ይኸው እንዳለ ተጻፈ። "ያልሆነ አንጽፍም፣ የሆነውን ደግሞ አናሳንስም" ነው የምትለው። ሐኪሙንም ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ ስንት ፓውንድ ማንሳት እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያሰፍር አስጠየቀችው። "ወገቡን ያመዋል" የሚል ወረቀት ብቻውን ብዙም አይጠቅምም አለች።

"እንግሊዝኛ አልችልም በል፣ ይሰጡሃል" የሚሉትንም አስቆመችልን። እንግሊዝኛ አለመቻል እንደ ምክንያት መቆጠሩ ከ2020 ጀምሮ ከደንቡ ወጥቷል። አስተርጓሚ ግን በነፃ ያቀርባሉ፤ ዳኛው ፊት ስንቀርብ በአማርኛ ነው የተናገረው።

ክፍያዋን በተመለከተ፣ ካልተፈቀደ አትከፍሏትም። ከተፈቀደ ከውዝፉ (ሳይከፈል ከተጠራቀመው ገንዘብ) 25 በመቶ ነው፣ ጣሪያም አለው (በ2025 9,200 ዶላር ነበር)። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ቀንሶ ይልክላታል። ከእኛ እጅ በእጅ ሰባራ ሳንቲም አልነካችም። ስለዚህ ገና ሳይጀመር ካሽ የሚጠይቃችሁ ካለ ጠንቀቅ በሉ።

የሥራ ታሪክ ለሌላቸው አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ኤስኤስአይ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማም ትይዛለች። እሱ መስፈርቱ ሌላ ነው፣ ንብረት ሁሉ ይታያል፤ እሷን ጠይቋት።

እውነቱን ለመናገር ስልክ ቶሎ አታነሳም። አንዳንዴ ትዕግሥታችን አልቆ ነበር። ቴክስት ካደረጋችሁላት ግን ሳታድር ትመልሳለች። ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ውድቅ የተደረገባችሁ ካላችሁ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አብራችሁ ላኩልኝ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።