የሲናፕስ ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙን ግን የት ጣሉት?

የነርሲንግ ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ለክፍል ብዬ የገዛሁትን የፕላስቲክ ሲናፕስ (ነርቭ ለቀጣዩ ሴል መልእክት የሚያቀብልበት መገናኛ) ሞዴል "ይረባል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው።

ከጥሩው ልጀምር። የላኪው ነርቭ ጫፍ ለሁለት ይከፈታል። ውስጡ ክብ ክብ ከረጢቶች አሉ፣ በቢጫ ዶቃ የተሞሉ። ዶቃው አሴቲልኮሊን፣ ማለትም መልእክቱን የሚያሻግረው ኬሚካል መሆኑ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ከረጢቱ ሽፋኑ ላይ ይገጥምና ተከፍቶ ዶቃውን ያፈሳል። ማዶ ባለው ሴል ላይ ያለው ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ይቀበለዋል። በጣም የወደድኩት ደግሞ ዶቃውን የሚሰነጥቀውን ኤንዛይም ነው። እያንዳንዱ ዶቃ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ኮሊን፣ ሌላው አሴቴት። የተባይ ማጥፊያ መርዝ ይህን ኤንዛይም ሲያስረው ምን እንደሚፈጠር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ችግሩ ቁልፉ ነው። "የኤሌክትሪክ ምልክት" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከረጢቱን የሚገፋውም በቀጥታ በሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ካልሲየምስ? ጎን ላይ አንዲት ሰማያዊ ስቲከር ተለጥፋለታለች፣ አለቀ። ይሄ ያናድዳል። ኤሌክትሪክ ከረጢት አይገፋም። ሥራው የካልሲየም በሮችን መክፈት ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው ነጻ ካልሲየም 10,000 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ በሩ ሲከፈት እየተግተለተለ ይገባል። ሲናፕቶታግሚን የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል። ያኔ ቀድመው የተዘጋጁት ስኔር ፕሮቲኖች ከረጢቱን ከሽፋኑ ጋር ያዋህዱታል። በፈጣን ሲናፕስ ይህ ሁሉ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የቦቱሊነም መርዝ ጡንቻን የሚያሽመደምደው እነዚህኑ ስኔሮች ቆርጦ ነው። ለነርስ ቁም ነገሩ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሞዴሉ ላይ ስኔር የሚባል ነገር የለም!

ሌላም አለ። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አንድ ከረጢት ይከፈታል። አንጎል ውስጥ ግን ምልክቱ ደርሶም ምንም ሳይለቀቅ የሚቀርባቸው ሲናፕሶች ብዙ ናቸው። ልቀቱ በጥቅል በጥቅል እንደሆነና ዕድልም እንዳለበት የነርቭ ተመራማሪው በርናርድ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንቁራሪት ጡንቻ አሳይተዋል። መመሪያ ወረቀቱ ነርቭ በኬሚካል መልእክት እንደሚያስተላልፍ ያሳየውን የኦቶ ሎዊን የ1921 (እ.ኤ.አ.) የእንቁራሪት ልብ ሙከራ ቆንጆ አድርጎ ተርኮ እዚያው ያቆማል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የተሠራ አይመስልም።

ልኩም ተዛብቷል። የአንጎል ሲናፕስ ክፍተት ወደ 20 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ ከረጢቱ ወደ 40 ናኖሜትር ነው። እዚህ ክፍተቱ እጅ ያስገባል። ይሄኛውን ይቅር ብያለሁ፤ ካልሰፋ ዶቃው አይታይማ።

አጠገቡ ቆሞ የጎደለውን የሚሞላ አስተማሪ ካለ ግዙት። ብቻውን ለሚያጠና ተማሪ አልመክርም፤ ካልሲየምን ጌጥ አድርጎ ይዞ ይቀራል። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ዶቃዎቹ በቀላሉ ይጠፋሉ፣ መለዋወጫም አብሮ አይመጣም።