መረብ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አየር ፓምፕ ግዙ

የባሕር ዓሣ ራሱ ይዞ ቤቱ አኳሪየም ውስጥ ማኖር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መረብ ነው። እኔ ግን የተያዘው ዓሣ ባልዲ ውስጥ እንዳይታፈን ውኃው ላይ አየር የምትነፋውን፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ፓምፕ አስቀድሙ እላለሁ። ዋጋዋ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አትጠፋም። ስሟ ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው።

ቡጢ የምታህል የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይገባባታል። ከእሷ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ አረፋ የሚበትን ነገር አለው። ጀርባዋ ላይ ባለው መንጠቆ ባልዲው አፍ ላይ ትሰቀላለች፤ በቃ።

እኔ የምይዘው ፍሎሪዳ ኪይስ በሚባሉት የአሜሪካ ደሴቶች፣ ማራቶን ከተማ አካባቢ ነው። እዚያ አየር መስጠት የሕግ ግዴታም ነው። ለመዝናኛ የሚይዝ ሰው በቀን ከ20 በላይ የጌጥ ዓሣና ሌላ የባሕር ፍጥረት መውሰድ አይችልም። ከአንድ ዓይነት ደግሞ ከ5 አይበልጥም። የተያዘው ሁሉ በሕይወት ወደ የብስ መድረስ አለበት። ለዚህም ውኃውን የሚያዘዋውር ወይም አየር የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጠንካራ ኮራል (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ) መንካት ክልክል ነው። ቢስኬይን ብሔራዊ ፓርክና ጆን ፔኔካምፕ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የጌጥ ዓሣ ጭራሽ አይያዝም። ይህን ሕግ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ባልዲ ውስጥ ታፍኖ የሚሞት ዓሣ ከባሕሩ ባይወጣ ይሻለው ነበር።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኪይስ ባሕር 30 ዲግሪ ይደርሳል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጨው ሲኖርበት ደግሞ የባሰ ነው። በዚያ ላይ የደነገጠ ዓሣ ከወትሮው በላይ ይተነፍሳል። ፓምፗ ይህን ችግር በደንብ ትፈታዋለች። ባልዲው ውስጥ ዓሣው ውኃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ካያችሁት አየር አንሶታል ማለት ነው። እሷ እየሠራች ግን ታች ወርዶ ይረጋጋል።

የማትፈታው አሞኒያን፣ ማለትም ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ ቆሻሻ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከዓሣው ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚወስደው የአሞኒያው ጉዳት ይቀንሳል። ባልዲ ላይ ግን ፓምፗ ያንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታስወጣለች። አሞኒያው መርዝነቱ አይለቀውም። ስለዚህ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ብቻ ነው የማስገባው። ምግብ አልሰጥም። ንጹሕ የባሕር ውኃ በጀሪካን ይዤ መንገድ ላይ ግማሹን እቀይራለሁ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ካገኘሁ ለብቻው ዕቃ አለው። አኳሪየም ውስጥ እንደ አረም የሚራባውን አይፕታሲያ የሚባል የባሕር እንስሳ ስለሚበላልኝ በጣም እሳሳለታለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ድምፅዋ ያሰለቻል፤ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ያስጠፋል። ቱቦዋ አጭር ነው። ከአኳሪየም ሱቅ አንድ ሜትር ገዝቶ መቀየር ይቻላል። የሚያናድደኝ ግን የባትሪ ድንጋዩ ማለቁን የሚናገር መብራት የላትም። አረፋው ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ማን ያየዋል? ጨው ደግሞ የድንጋዩን ማቀፊያ ሽቦ ይበላዋል። ቤት ስትገቡ ድንጋዩን አውጥታችሁ ሽቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ፤ ከዚያ አድርቁት። ይህ ካልተደረገ ቶሎ ትበላሻለች።

በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። በመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጠንከር ያሉ አሉ፤ ጀልባ ላለው ወይም ብዙ ለሚይዝ ሰው እነሱ ይሻሉታል። ለባልዲ ግን ይቺ ትበቃለች። ከተቻላችሁ ሁለት ግዙ። ከኪይስ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው ማለት ይቻላል። አደጋ ደርሶ ከተዘጋ ሰዓታት ትቆማላችሁ። አንዷ ስትደክም ሌላዋን መስቀል ነው።